ሻምፒዮኑ ያልሠዋው ግንብ

ሬሳው ከአቶ ተዋቸው ጅምር ፎቅ ጀርባ፣ በአሸዋ ክምርና በድንጋይ መሀል፣ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ኢንስፔክተር የትናየት ስትደርስ የቆቦ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ግቢውን የሞላው ሰው ግን ሙቀቱን ረስቶ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ከሬሳው ራስጌ የሟች ሚስት ጌጥነሽ ተቀምጣለች። አታለቅስም። በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ትከላከላለች።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች ሳትጠየቅ። «እንደ ሁልጊዜው ልወስደው መጣሁ። ላይ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ጠራሁት፣ ዝም። ወደ ታች ባይ፣ ያ በእጄ ያጠብኩት ሸሚዝ ነው።»

ሟቹ አምባው ይባላል። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ፣ በጎልማሳነቱ ሁለቱም ዐይኖቹ ጨለሙበት። ማስተማሩን ተወ፤ ቼዝን ግን አልተወም። ቆቦ ውስጥ ቼዝ የሚችል ሰው ካለ ወይ ከእሱ ተምሯል፣ ወይ ከእሱ የተማረ ሰው አስተምሮታል። አሁን በግቢው የቆመው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ዐይነ ስውር ሰው መከለያ በሌለው ፎቅ ላይ ምን ይሠራል?

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ሙላው። «ደረጃው በወዲያ በኩል ነው፤ እሳቸው በወዲህ ሄዱ። አለቀ።»

«ላይ ወጥተን እንየው። ከዚያ ያልቃል።»

ፎቁ ገና አልተለሰነም። የምሰሶዎቹ ብረት ወደ ሰማይ እንደ ተገተረ ነው፤ ከወለሉ ግማሹ ብቻ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። በቆርቆሮው ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛና አራት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ሁለቱ ወንበሮች ወዲያና ወዲህ ተገፍተዋል። ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ተጠጋግተዋል፤ የተቀመጡባቸው ሰዎች ጉልበታቸው ሳይነካካ አልቀረም። ከአንደኛው ጀርባ የአምባው ነጭ ዱላ ምሰሶው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

የትናየት ዱላውን ብዙ አየችው።

ጠረጴዛው ላይ የሟቹ የቼዝ ቦርድ አለ። አናጢ ለእሱ ብሎ የሠራው ነው፤ ጥቁር ቤቶቹ ከነጮቹ ከፍ ይላሉ፣ የእያንዳንዱ ቤት መሀል ተበስቷል፣ ጠጠሮቹም ቀዳዳው ውስጥ ይሰካሉ። የጥቁሮቹ አናት ላይ ትንሽ ሚስማር አለ። በጣቱ ለሚያይ ሰው የተሠራ ቦርድ ስለሆነ ነፋሱም ግርግሩም አላፈረሰው። የትናየት ቼዝ የምታውቀው ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ያህል ብቻ ነው። ቢሆንም ጨዋታው በመሀል የቆመ መሆኑ ገባት።

የወለሉ ጫፍ ላይ፣ አምባው በወደቀበት በኩል፣ ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ተወጥሯል። በጣቷ ዳሰሰችው። ወለሉ፣ ወንበሮቹ፣ ምሰሶዎቹ ሁሉ የሲሚንቶ አቧራ ለብሰዋል፤ ገመዱ ግን ንጹሕ ነው።

«ሙላው፣ ዐይነ ስውር ሰው ብቻውን ሊሄድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈልገው ምንድን ነው?»

ሙላው ወደ ዱላው ዞር አለ።

«ቦርዱን ሳታናጋ በጨርቅ ሸፍነህ ጣቢያ አስገባልኝ። ማንም እንዳያየው። ማንም ወደዚህ እንዳይወጣም።»

የፎቁ ባለቤት ተዋቸው ምድር ቤቱ ውስጥ ቡና ቤት አለው። የትናየት ፊት ሲቀርብ ላቡን በመዳፉ ይጠርግ ነበር።

«ገመዱን ያሰሩት ከወደቁ በኋላ ነው» አለችው።

ተዋቸው ሊክድ ሞከረ። ዐይኗን ሲያይ ተወው። «ሬሳው ሲገኝ ደነገጥኩ። መከለያ ሳይሠራ ሰው አስወጣ ብለው ያስሩኛል ብዬ... ሮጬ አሰርኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሰዎች የሚያወሩትንም አውቃለሁ፤ ከጀርባ ያለችውን ቦታቸውን ሽጡልኝ ብላቸው እምቢ ብለውኛል። በዚያ ሰው አይገደልም።»

«ተገደሉ ያለ የለም፣ አቶ ተዋቸው። ላይ ምን ትሠሩ ነበር?»

«የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና ነዋ! የሚጫወቱት እስያ ነው፤ እኛ በስልክ እንከታተላለን። ኔትወርክ ከምድር ይልቅ ላይ ይሻላል፣ አየርም አለ። እኔ ጨዋታውን እምብዛም አልችለውም፤ ወሬያቸውን ነው የምወደው። ዛሬ የመጨረሻው ነበር። እኩል ለእኩል ናቸው፤ የዛሬውን ያሸነፈ ዘውዱን ይወስዳል። ጋሽ አምባው ነበሩ፣ መምህር ስሜነህ ነበር፣ ሲስተር ነጃት ነበረች። ስሜነህ ከስልኩ እያነበበ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ቦርዱ ላይ ይሰካሉ። ልክ ልብ ሲሰቀል ኔትወርኩ ድርግም አለ። የከተማው በሙሉ።»

«ከዚያስ?»

«ነጃት ልትሰግድ ወረደች። እኔ ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ስሜነህ ተከትሎኝ ይውረድ አይውረድ አላየሁም፤ ደረጃው በውጭ በኩል ነው። አንድ ነገር ግን ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ አምባው ጮኹ። ‹አላየሁትም! እኔ አላየሁትም!› ነው ያሉት። ዐይነ ስውር ሰው አላየሁም ሲል... አንጀቴን በላኝ።»

«ወዲያው ነው የወደቁት?»

«የለም። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የሆነ ነገር ዱብ ሲል የሰማሁት። ሲሚንቶ የሚያራግፉ መስሎኝ ነበር።»

«ሲጮኹ ድምፃቸው የኀዘን ነበር?»

ተዋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበበት። «እንጃ... አሁን ስትጠይቂኝ የደስታ ይመስል ነበር። እንዲያውም ኔትወርክ ተመልሶ ይሆን ብዬ ስልኬን አይቻለሁ። አልተመለሰም።»

ሲስተር ነጃት ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። የትናየት ያገኘቻት ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ እጇን ታጥባ ስትጨርስ ነው። ዐይኗ ቀልቷል።

«ኢንና ሊላሂ... ለማመን አቃተኝ» አለች። «ትቻቸው ስወርድ ‹ነጃት፣ ቶሎ ተመለሺ፣ ሻምፒዮኑ እያሰበ ነው› ብለውኝ ነበር። ከመስጊድ ስወጣ ወላድ መጣች ብለው ጠሩኝ። በዚያው ቀረሁ።»

«ጨዋታውን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ነጃት ስለ ጨዋታው ስትጀምር ፊቷ ለአፍታ ተለወጠ። ሻምፒዮኑ በነጭ፣ ተፎካካሪው በጥቁር ይጫወቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እንደ ፈሪ ውሻ ተዟዟሩ። ኋላ ተፎካካሪው አንድ ወታደር በነፃ ሰጠና ለሁለቱ ጳጳሳቱ መንገድ ከፈተ፤ ሻምፒዮኑ ደግሞ ንግሥቱን ወደ ጥቁር ንጉሥ አስጠጋ። አምባው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ፣ ስሜነህ ከስልኩ ከማንበቡ በፊት፣ የሚመጣውን እርምጃ ተናገረ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበር። በመሀል ፀሐይዋ ስለገባችባቸው ጠረጴዛውን አንሥተው ወደ ሌላው ጥላ አዞሩት፤ አምባው ግን ጣቱን ከቦርዱ ሳያነሣ፣ እንደ ሕፃን እየተመራ፣ አብሮ ዞረ።

«መጨረሻ ላይ ጥቁር ፈረሱን መልሶ ንጉሡ አጠገብ አቆመ። ተራው የሻምፒዮኑ ሆነ። አሰበ፣ አሰበ፣ ሰዓቱ እየሮጠበት ዝም። እኛ መተንፈስ አቃተን። ጋሽ አምባው ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ዳስሰው ‹ንግሥቶቹ ይለዋወጣሉ። አቻ ነው። እዚህ ውስጥ ሌላ ምንም የለም› አሉ። እኔም ሌላ አልታየኝም።»

«መምህር ስሜነህስ?»

«ዝም አለ። ሁልጊዜም እሳቸው ፊት ዝም ነው የሚለው። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።» ስልኳን አውጥታ፣ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብላ የያዘችውን የቦርዱን ምስል አሳየቻት።

የትናየት ነጃትን ጣቢያ ወስዳ፣ በሩን ዘግታ፣ ከቦርዱ ላይ ጨርቁን ገለጠች። ነጃት ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ሄደ።

«ይሄ ጨዋታው አይደለም። ማለት... ኔትወርኩ ከጠፋበት ቦታ ቀጥሏል። ነጭ ግንቡን ሠውቷል፣ ሆን ብሎ አስበልቷል! እዩት፣ ግንቡ የለም፤ ጥቁሩ ንጉሥ ከጎጆው ተጎትቶ ወጥቷል። ይሄ የዳሩ ወታደር ደግሞ አንድ ቤት ተገፍቷል። ያ ረቢ! ይሄን ማን ነው የተጫወተው?»

«ጋሽ አምባው ብቻቸውን ሲያስቡ ያንቀሳቀሱት ሊሆን አይችልም?»

«ሲያስቡ ቦርዱን አይነኩም። ሲያሰሉ በጭንቅላታቸው ነው። ቦርዱ ላይ የሚሰኩት ይህ ተጫወተ ሲባሉ ብቻ ነው፤ አለዚያ እውነተኛው ቦታ ይጠፋባቸዋላ። እኛ እንኳ ‹ቢሆን ኖሮ› ብለን ልንነካ ስንል እጃችንን ይመቱን ነበር።»

የትናየት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስለ ስሜነህና ስለ ጋሽ አምባው ንገሪኝ።»

«ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ በየቀኑ የሚያነብላቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ጎበዝ ሲሉት ግን አልሰማሁም። ‹አንተ ሒሳብ ትችላለህ፣ ቼዝ አትችልም፤ ፈሪ ነህ› ነው የሚሉት። ባህር ዳር ለሚደረገው የክልል ውድድር አንድ ሰው ምረጡ ሲባሉ እኔን መረጡ። ቼዝ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ያልሞላኝን! አፈርኩ፣ ወላሂ። እሱ ግን እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጨበጠኝ። እጁ በረዶ ነበር።»

«ይህን ቦርድ ማየትሽን ለማንም አትናገሪ። ለማንም።»

ስሜነህ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። የትናየት ያገኘችው የለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሲተከል ምሰሶ ይዞ ነው።

«ጋሼ አባቴ ነበሩ» አለ። «ኔትወርኩ እንደጠፋ፣ እትዬ ጌጥነሽ እስኪመጡ ከወንበርዎ እንዳይነሡ ብያቸው ወረድኩ። ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ዋጃ ሄድኩ፤ እዚያ ኔትወርክ ሊኖር ይችላል ብዬ። እዚያም የለም። ስመለስ ሰው ተሰብስቧል። ምነው ጥያቸው ባልሄድኩ!»

«ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ቦርዱ ላይ የተነካ ነገር ነበር?»

«እኔ እስካለሁ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቦርዱን አላየሁትም። ፖሊስ ዘግቶት ነበር።»

«ጋሽ አምባው እርስዎን አመስግነውዎት ያውቃሉ?»

ስሜነህ በከንፈሩ ብቻ ፈገግ አለ። «ጋሼ ሰው አያመሰግኑም። የሚያመሰግኑት ጥሩ እርምጃን ነው።»

ጌጥነሽ ከለቅሶ ቤቱ ጓዳ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። የትናየት አጠገቧ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ጌጥነሽ፣ ዛሬ ዘግይተው ነበር?»

«ዘግይቻለሁ። ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ወሰደኝ። ስንት ዓመት እጁን ይዤ ሳወጣው ሳወርደው አንድ ቀን አልዘገየሁም፣ የኔ ልጅ። ደክሞኝ ነበር። የደከመኝ ዛሬ ብቻ አይደለም።» ነጠላዋን አጠበቀች። «ደግ ሰው አልነበረም። ለዚያች ለእንጨት ንግሥቱ የሚሳሳውን ያህል ለኔ ሳስቶ አያውቅም። ቢሆንም ገደል መግባት አይገባውም ነበር።»

«ያለ ዱላ ይሄዳሉ?»

«ሰው እጁን ካልያዘው ወይ በድምፅ ካልመራው አንድ እርምጃ አይሄድም። ፈሪ ነበር። እሱ ነበር ፈሪው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኔትወርኩ ተመለሰ። የትናየት ቢሮዋ ቁጭ ብላ ስልኳን ከፈተች። ሻምፒዮኑ ያን ሁሉ ካሰበ በኋላ ግንቡን አልሠዋም። ንግሥቶቹን ለወጠ፤ ጥቂት ተጫውተው፣ ተጨባብጠው፣ በአቻ ተለያዩ። አምባው የተናገረው አንድ ሳይዛነፍ ሆኗል። ዓለም ሁሉ ያየው ጨዋታ ደረቅ ነበር። ነጃት አፏን የያዘችለት ጨዋታ የትም አልተካሄደም፤ በተዋቸው ፎቅ ላይ ካልሆነ በቀር።

ሬሳው በሐኪም ታይቶ ተመልሶ ነበርና ቀብሩ ቀትር ላይ ተፈጸመ። ከቀብር መልስ የትናየት ተዋቸውን፣ ስሜነህን፣ ነጃትንና ጌጥነሽን ፎቁ ላይ አስወጣቻቸው። ጠረጴዛው በነበረበት ነው፤ ቦርዱም በጨርቅ እንደ ተሸፈነ መሀል ላይ ተቀምጧል። ሳጅን ሙላው የደረጃው አፍ ላይ ቆመ። ከሩቅ፣ ከማሽላው ማሳ፣ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ጩኸት ይሰማል።

«ጋሽ አምባው ተሳስተው አልወደቁም» አለች የትናየት። «ዱላቸው ከወንበራቸው ጀርባ ነው የተገኘው። ብቻቸውን የቀሩ ቢሆን ዱላውን ሳይዙ አይነሡም። ስለዚህ ሲነሡ ሰው አጠገባቸው ነበር። ሁለቱ ወንበሮች ተጠጋግተው ነበር፤ ያ ሰው ተቀምጦም ቆይቷል።»

«አቶ ተዋቸው ገመድ አስረው ሊያሞኙኝ ሞክረው ነበር። የፍርሃት ሥራ ነው፤ በእሱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ይልቅ የሰሙት ነገር ጠቅሞኛል። ጋሽ አምባው ‹አላየሁትም› ብለው ጮኸዋል። አቶ ተዋቸው ስለ ዐይናቸው ያለቀሱ መሰላቸው። ሲስተር ነጃት፣ ቼዝ ተጫዋች አላየሁትም የሚለው መቼ ነው?»

«ያላሰበው ጥሩ እርምጃ ሲመጣ» አለች ነጃት በቀስታ።

«እርምጃ መጥቶላቸዋል ማለት ነው። ኔትወርክ ግን አልነበረም። ከእስያ ምንም ሊመጣ አይችልም። አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ፣ ሻምፒዮኑ ይህን ተጫወተ እያለ፣ ከራሱ ፈጥሮ ነግሯቸዋል። እሳቸውም አምነው ሰክተዋል። ጋሽ አምባውን በሐሰት ጨዋታ ማሞኘት የሚችል ሰው ደግሞ ጨዋታውን በሚገባ የሚያውቅ ነው። አቶ ተዋቸው አይችሉም። እትዬ ጌጥነሽ አንድም ቀን አልተጫወቱም። ሲስተር ነጃት ትችላለች፤ ነገር ግን መስጊድ ያዩዋት ሴቶች አሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወላድ ጋ ነው የገባችው።»

ዐይኖች ሁሉ ወደ ስሜነህ ዞሩ። ስሜነህ አልተንቀሳቀሰም።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ዋጃ ነበርኩ ብያለሁ» አለ ረጋ ብሎ። «ጋሼ ብቻቸውን ሆነው ሞክረውት ይሆናል። የሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብተው ማየት አይችሉም።»

«ልክ ነዎት» አለች የትናየት፤ ድምፅዋም ድንገት የተሰላቸ ሆነ። «ለነገሩ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ጨዋታም አይደለም። ከወልድያ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነበር። የጀማሪ ሥራ ነው አለኝ። መጀመሪያ ወታደር ገፍቶ መንገዱን አዘጋጀ፣ ከዚያ ምንም አደጋ ሳይኖርበት ግንቡን ሠዋ። ማንም ፈሪ የሚያደርገው ነው።»

«አይደለም!»

ቃሉ ከስሜነህ አፍ የወጣው ሳይታዘዝ ነው። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ግንቡ ነው የቀደመው! ወታደሩ ቢቀድም ንጉሡ ያመልጣል፤ ይሄን የማያውቅ ሰው ነው የነገረዎት። ግንቡን ሰጥቶ፣ ጥቁሩ ንጉሥ ከበላው በኋላ፣ ያን የዳር ወታደር ዝም ብሎ አንድ ቤት መግፋት... ቼክ ሳይል፣ ምንም ሳይበላ! ውበቱ እሱ ነው! ሌላ ሰው...»

ቆመ።

የትናየት ጨርቁን ገለጠች። የዳሩ ነጭ ወታደር አንድ ቤት ወጣ ብሎ ብቻውን ቆሟል።

«ነጭ ብዙ ወታደሮች አሉት» አለች። «የትኛው እንደተገፋ አልነገርኩህም። ቦርዱን አላየሁትም ያልከኝ አንተ ነህ።»

ስሜነህ ወደ ቦርዱ አየ። ከዚያ ሰውነቱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ረገበና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ትናንት በተቀመጠበት ላይ።

«አልገፋኋቸውም» አለ።

«ታዲያ እንዴት ወደቁ? ንገረን።»

«ኔትወርኩ ሲጠፋ ጋሼ እንደ ልጅ ተቁነጠነጡ። ‹ምን ተጫወተ? ምን ተጫወተ?› ይላሉ። እኔ ግንቡ ታይቶኝ ነበር። እሳቸው ሌላ ምንም የለም ሲሉ ታይቶኝ ነበር። ብናገር ይስቁብኛል። ስለዚህ ‹መጣ ጋሼ፣ ኔትወርኩ መጣ፤ ሻምፒዮኑ ግንቡን ሠዋ› አልኳቸው። ሰኩት። ዳሰሱት። ወታደሩን ስነግራቸው ደግሞ... እኔ አላየሁትም ብለው ጮኹ። እጄን ያዙ። ይህን ሁሉ ዘመን ስማር እጄን ይዘውኝ አያውቁም። ‹ይህን ያየ ልጅ እናቱ ትባረክ› አሉ። ደጋግመው አሉት። አልቻልኩም። ‹የኔ ነው ጋሼ፣ ኔትወርክ አልመጣም፣ እኔ ነኝ› አልኳቸው።»

«ምን አሉ?» አለች ነጃት።

«እጄን ለቀቁት። ጣታቸውን ወደ ቦርዱ መለሱ። ‹እንግዲያው ስሕተት አለበት› አሉ።»

የትናየት ነጃትን አየቻት። ነጃት ዐይኗን ጨፍናለች።

«ብዙ ፈለጉ። ጠጠሮቹን እየዳበሱ፣ እያጉረመረሙ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ‹አታግኙት፣ አታግኙት› እላለሁ በልቤ። ከዚያ ሳቁ። ‹አገኘሁት!› አሉ። የት ነው ስላቸው ‹ለአንተ ምን ያደርግልሃል? ለነጃት ነው የማሳያት፤ ባህር ዳር የምትሄደው እሷ ናት› ብለው እየሳቁ ብድግ አሉ። ዱላቸውን ረሱት። ጠረጴዛው ከዞረ ወዲህ አቅጣጫው ጠፍቷቸዋል። ‹ደረጃው በየት በኩል ነው?› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ስሜነህ ወደ ወለሉ ጫፍ አየ።

«ቀጥ ብለው ይሂዱ አልኳቸው።»

ነፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳው። ጌጥነሽ ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ ተነሣች፤ ፊቱ ድረስም ሄደች።

«ሲሄድ እያየኸው ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እስከ ጫፉ?»

«እስከ ጫፉ።»

«አንድ ጊዜ ‹ቁም› ብትለው እኮ ይቆም ነበር!» አለች ጌጥነሽ። ድምፅዋ አልጮኸም። «እኔን ሳይሰማኝ ኖሯል፤ አንተን ግን ይሰማ ነበር።» ከዚያ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ፣ ደረጃውን ይዛ ወረደች። ተዋቸው ሊደግፋት ተከተላት።

ሙላው የስሜነህን ክንድ ያዘ። ስሜነህ ተነሣ፤ ነገር ግን እግሩ አልሄደም። ወደ ነጃት ዞረ።

«ነጃት፣ አንቺ አይተሽዋል። ስሕተቱ የት ነው?»

ነጃት ቦርዱን እንጂ እሱን አላየችም።

«የት ነው? ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ሙላው እየጎተተ ወሰደው። የእግራቸው ኮቴ ደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። የትናየት ጨርቁን አንሥታ ስታጥፍ ነጃት ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ጧት ሙሉ ስልኬ ላይ ባለው የቼዝ ኮምፒውተር ሳስፈትሸው ነበር። ጥቁርን ወዴትም ብወስደው ይሸነፋል። ስሕተት የለበትም። ሻምፒዮኑ እንኳ ያላየው ነው።»

«ጋሽ አምባውስ አገኘሁት ያሉት?»

«ምንም አላገኙም። ማግኘት ስለነበረባቸው ነው አገኘሁ ያሉት። እኔን ጎበዝ ይሉኝ የነበረውም እሱ እንዲሰማው ይሆናል፤ አሁን ምኑን አውቃለሁ? ባህር ዳር አልሄድም።»

«ይነገረው?»

«የሚነግረው ካለ ይንገረው። እኔ ግን አልነግረውም።»

የትናየት ስትወርድ የፖሊሱ ፒክአፕ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃት ነበር። መንገደኛው፣ ባጃጁ፣ የተዋቸው ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። ስሜነህ ከኋላ በሙላውና በሌላ ፖሊስ መሀል ተቀምጧል፤ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ እንደ ተቆለፈ ነው። ስታልፍ በሙላው በኩል ወደ መስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

«ነገረችዎት አይደል? የት ነው አለች?»

የትናየት አየችው። እውነቱን ብትነግረው ከእሥሩም ከጸጸቱም በላይ የሚከብድ ሸክም ይሆንበታል፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ ነበር ያስፈራት፣ ደስ ይለዋል።

«አልነገረችኝም» አለችውና ከፊት ገብታ በሩን ዘጋች።

መኪናው ወደ ጣቢያው ሲያመራ ከኋላዋ የስሜነህ ድምፅ ይሰማት ነበር። ለማንም አይደለም የሚያወራው። «ንጉሡ ወደ ግራ ቢሸሽ... አይ። ፈረሱ ቢመለስ... አይ፣ እሱም አይደለም...» እያለ ስሕተቱን ይፈልጋል።